ስለ ክረምት ዕረፍትና በሩቅ ስላሉ ልጆች ቃል

በቋንቋችን ሰላምታ የሚሰጠው በመለየት ዘመን ልክ ነው። አንድ ሌሊት ተለያይተው ያደሩ ሰዎች በማለዳ ሲገናኙ «እንደምን አደራችሁ» ይባባላሉ፤ ቀኑን ተለያይተው የዋሉትም በማታ «እንደምን ዋላችሁ» ይባባላሉ። ሰንበት አልፎባቸው የተገናኙት «እንደምን ሰነበታችሁ» ይላሉ። ክረምቱን ሳይተያዩ ያሳለፉት «እንደምን ከረማችሁ»፥ በጋውን ሳይተያዩ ያሳለፉት ደግሞ «እንደምን ባጃችሁ» ይላሉ። ከዚህ እንደምንረዳው አባቶቻችን የመለየትን ርዝመት የለኩት በሌሊትና በቀን፥ በሰንበት፥ በዝናምና በበጋ ወራት ነበር እንጂ በሰዓት ቍጥር አልነበረም።

ለዚህም በቂ ምክንያት ነበራቸው። በቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ሰማይ በደመና ይጋረዳል፥ ምድር በጭቃ ትያዛለች፥ ትናንት በእግር የተሻገሩት ጅረት ዛሬ ደፍርሶና ሞልቶ በቅሎን ከነጭነቷ የሚወስድ ይሆናል። ገበሬ ከእርሻውና ከአረሙ አይለይም፤ ነጋዴ ጭነቱን አራግፎ ይቀመጣል፤ ደብዳቤ የያዘ መልእክተኛም ከወንዝ ማዶ ሆኖ የውኃውን መጕደል ይጠብቅ ነበር። ሊቃውንትም ይህን ዘመን በየክፍሉ ለይተው ስም ሰጥተውታል፤ ዘርና ደመና የሚታሰብበት፥ መብረቅና ነጐድጓድ የሚታሰብበት፥ የቍራ ጫጩት እንኳ ከፈጣሪው ምግቡን ማግኘቱ የሚታሰብበት፥ ደግሞም የንጋት ወገግታ የሚታሰብበት ክፍል አለው። ስለዚህ «ከረመ» ማለት ጊዜ አለፈ ማለት ብቻ አይደለም፤ ያን ሁሉ ዝናምና ጭጋግ በደኅና ተሻገረ ማለት ነው። «እንደምን ከረማችሁ» ብሎ የጠየቀም ሰው መልሱን በእውነት የማያውቅ ሰው ነበረ።

ዛሬ ግን ይህ ሰላምታ በእውነት የሚገባው ሰው እያነሰ ሄዷል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1894 ዓ.ም.፥ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የስልክ መስመር የመዘርጋት ሥራ ተጀመረ። በዚያ ዘመን ስልክ የቤተ መንግሥትና የሹማምንት ነበረ። ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ግን፥ እየዋለ እያደረ በከተማም በገጠርም በብዙ ሰው ኪስ ገብቷል። በ2013 ዓ.ም. በግንቦት ወር ቴሌብር ከተጀመረ በኋላም ገንዘብ መላክና መቀበል በዚሁ በስልክ ሆኗል። በዋሽንግተን ያለ ልጅ የእናቱን ድምፅ መስማት ብቻ ሳይሆን መልኳን ያያል፤ በሪያድ ያለችም ልጅ እናቷ ቡና ስታፈላ ከጀበናው አጠገብ የተቀመጠች ያህል ሆና ትመለከታለች። ወንዙ ቢሞላም ቢጐድልም ለዚህ መሣሪያ ግድ የለውም። እንግዲህ «የት ነህ? ምን በላህ?» እያለ በየሰዓቱ የሚጠያየቅ ሰው «እንደምን ከረምህ» የሚለውን ቃል በየት በኩል ያገባዋል?

ይህን ስንል መሣሪያውን ለመንቀፍ አይደለም። እኛ በፍርድ ቤት በጽሕፈት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች የመሣሪያን ጥቅም በየቀኑ እናየዋለን። በመቃ ብዕር ቀለም እየነከሩ የሚጽፉ ሰዎች ቀርተው የጽሕፈት መኪና በመጣ ጊዜ ሥራው እጅግ ፈጠነ። ያንም ብዙ ፊደላችንን በጥቂት ቍልፎች ላይ ለማሳረፍ ኢንጂነር አያና ብሩ የደከመውን ድካም ማስታወስ ይገባል። ከዚያም ኮምፒውተር ተተካ። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ከገባ ወዲህ፥ በአንዱ መሣሪያ የተጻፈው በሌላው ሳይበላሽ የሚነበብበት መንገድ ተከፈተ። በቀድሞ ጊዜ ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ እየተዘዋወሩ በአቧራ ውስጥ ግማሽ ቀን ይፈለግ የነበረው መዝገብ ዛሬ በቍጥሩ ሲጠሩት ወዲያው ይገኛል። ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣ ባለጉዳይ «መዝገብህ አልተገኘምና ነገ ተመለስ» ከመባል ቢድን ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም።

ነገር ግን መሣሪያ የሚያደርገውንና የማያደርገውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህንም ለማስረዳት በችሎት ካየነው አንዱን ነገር፥ የባለጉዳዮቹን ስምና አገር ሳንገልጥ፥ ለአንባቢዎቻችን እንነግራለን።

አንዲት ባልቴት በአንዲት የደጋ ከተማ አንድ ቤት ትተው ዐረፉ። ከሦስቱ ልጆቻቸው ታላቁ በአሜሪካ፥ መካከለኛይቱ በሳዑዲ ዐረቢያ፥ ታናሹ በአዲስ አበባ ይኖሩ ነበር። ሦስቱም እናታቸውን የሚወዱና የሚጦሩ ልጆች ነበሩ። ታላቁ በየወሩ ገንዘብ ይልክ ነበር፤ እኅቲቱ በሰው ቤት ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ የቤቱን ጣራ አሳድሳለች፤ ታናሹም በየበዓሉ እየሄደ ይጠይቅ፥ ሲታመሙም ወደ ሐኪም ቤት ያመላልስ ነበር። በስልክ ድምፃቸውን ሳይሰሙ የሚያልፉበት ሳምንት አልነበረም። እናቲቱ ከሞቱ በኋላ ግን ሦስቱ ስለ ቤቱ ተካሰሱ። እያንዳንዱም «ቤቱን እናታችን የሰጠችው ለእኔ ነው» አለ።

ነገሩ በመጀመሪያ ሲታይ ከሦስቱ ሁለቱ ሐሰተኞች ይመስሉ ነበር። በቀጠሮው ቀን ታላቁ ወንድም ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ የእናቱን ድምፅ ለችሎቱ ለማሰማት ለመነ፤ ዳኛውም ፈቀዱለት። ሰው ሁሉ ጸጥ ባለበት አዳራሽ ውስጥ የሟቿ ድምፅ «ልጄ፥ ቤቱ ያንተው ነው፤ መጥተህ ግባበት እንጂ ምን ትጠብቃለህ?» ሲል ተሰማ። እኅቲቱ ይህን በሰማች ጊዜ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች፤ ታናሹም አቀረቀረ። ጥቂት ቈይታም «ጌታዬ፥ ለእኔም ያለችኝ ይህንኑ ነው፤ ከቃሉ አንድም የተለየ የለውም» ስትል ለዳኛው ተናገረች።

በአገራችን ልማድ ለልጁ «ቤቱ ያንተው ነው» የማይል ወላጅ ማን ነው? ለመሸበት እንግዳ እንኳ «ቤት ለእንግዳ» ተብሎ በሩ ይከፈታል። ይህ የናፍቆትና የፍቅር ቃል ነው እንጂ የውርስ ቃል አይደለም። እናቲቱ ለታላቁ ልጅ ይህን ሲነግሩ «ና፥ ልይህ» ማለታቸው ነበረ፤ ለልጃገረዲቱም ሲነግሩ «ስደቱ ይብቃሽ» ማለታቸው ነበረ፤ ለታናሹም ሲነግሩ «አትራቀኝ» ማለታቸው ነበረ። እናትም አልዋሹም፥ ልጆችም አልዋሹም። ዳግመኛም ሦስቱ እውነተኞች ሆነው እርስ በርሳቸው እንደ ሐሰተኛ ተያዩ።

ዳኛው ይህ ቃል በሕግ ኑዛዜ ሊሆን እንደማይችል፥ ኑዛዜም ከሌለ ልጆች የወላጃቸውን ውርስ በእኩል እንደሚካፈሉ ካስረዱ በኋላ፥ ነገሩን በሽማግሌ ይጨርሱት ዘንድ መከሯቸው። ፍርድ ቤቱም ለክረምት ሊዘጋ ጥቂት ቀን ቀርቶት ስለ ነበረ ቀጠሮው ለጥቅምት ወር ሆነ።

በጥቅምት ሦስቱም አንድ ወረቀት ይዘው ቀረቡ። ወረቀቱ በእኅቲቱ እጅ የተጻፈ የስምምነት ውል ነበረ። በመግቢያውም ክረምቱን በእናታቸው ቤት አብረው እንደ ሰነበቱ፥ በየስልካቸው የቀረውን የእናታቸውን ድምፅ አንድ ላይ ተቀምጠው እንዳዳመጡ፥ ለሦስቱም አንድ ቃል እንደ ተነገረ እንደ ተገነዘቡ ይናገራል። ከዚያም ቤቱ እንዳይሸጥ፥ እኅቲቱ ለጣራው ያወጣችው ገንዘብ እንዲታሰብላት፥ ታናሹ እየጠበቀ እንዲኖርበት፥ ታላቁም በመጣ ጊዜ የሚያርፍበት ክፍል እንዲጠበቅለት ተስማምተዋል። ያን ወረቀት ከመዝገቡ ጋራ ስናያይዝ ደስ አለን። ደግሞም እናታቸው በሕይወት ሳሉ ያን ቃል ሦስቱ አብረው ሰምተውት ቢሆን ኖሮ ይህ መዝገብ ባልተከፈተም ነበር ብለን አሰብን።

ከዚህ ነገር የምንማረው ምንድር ነው? ስልክ እናትን ከእያንዳንዱ ልጅ ጋራ ለየብቻ አቀራረበ፤ ልጆቹን ግን እርስ በርሳቸው አላቀራረበም። ታላቁ ከእናቱ ጋራ በየሳምንቱ ሲነጋገር ከእኅቱ ጋራ ሳይነጋገር ዓመት ያልፍ ነበር፤ «እናቴ ደኅና ናት» ካሉት የቤቱ ሁሉ ወሬ የደረሰው ይመስለው ነበርና። ደብዳቤ ግን ከዚህ የተለየ ጠባይ ነበረው። በ1886 ዓ.ም. የፖስታ ሥራ በአገራችን ከተመሠረተ ወዲህ ብዙ ዘመን፥ ከሩቅ ያለ ልጅ የላከው ደብዳቤ በደረሰ ጊዜ ማንበብ የሚችለው ሰው በቤተ ሰቡ መካከል ተቀምጦ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበው ነበር። አባት ይሰማል፥ እናት ትሰማለች፥ ወንድምና እኅት፥ ጎረቤትም ሳይቀር ይሰማል። ሰላምታው ከአያት ጀምሮ እስከ ሕፃን ድረስ ለእያንዳንዱ በስሙ ይደርሳል። መልሱም ሲጻፍ እንዲሁ ነው፤ አንዱ «ይህንም ጨምርልኝ» ሲል፥ ሌላው «እንዲህስ አትበለው፥ ያዝናል» ሲል፥ ጸሐፊው የሁሉን ቃል አስማምቶ ይጽፋል። ደብዳቤው ይዘገያል፤ ነገር ግን ቤተ ሰቡ ሁሉ ያለበት ነገር ነበረ። የስልክ ቃል ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ከአንድ አፍ ወጥቶ በአንድ ጆሮ ይገባልና ምስክር የለውም። «በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፥ በቃል ያለ ይረሳል» የተባለውም ያለ ነገር አይደለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በዚህ ነገር ላይ ጥንቁቅ ነው። ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። አንደኛው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው፤ ይኸውም ተጽፎ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት የሚነበብና የሚፈረም ነው፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ሆኖ በሥራው ላይ ሳለ የተደረገ እንደ ሆነ ግን ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ሁለተኛው በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግ ነው፤ ይህ ሁለንተናው በራሱ በተናዛዡ እጅ መጻፍ፥ ኑዛዜ መሆኑም በግልጽ መነገር አለበት። በመኪና የተጻፈ እንደ ሆነም ተናዛዡ ይህንኑ በየገጹ በእጅ ጽሕፈቱ ማመልከት ይገባዋል። ደግሞም እንዲህ ያለው ኑዛዜ በ7 ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል። ብዙ ሰዎች ይህን ባለማወቃቸው ወረቀቱን በሣጥን ቈልፈው ያኖሩታልና አንባቢዎቻችን ልብ ይበሉት።

ሦስተኛው በቃል የሚደረግ ኑዛዜ ነው። ይህ ሞቱ የቀረበ መስሎ የታየው ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ነው። ሥልጣኑም ጠባብ ነው፤ ስለ ቀብር ሥርዓት፥ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆች ሞግዚትነት፥ እያንዳንዱም ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ይሆናል እንጂ ቤት ለማውረስ አይበቃም። ተናዛዡም ከተናገረ በኋላ 3 ወር በሕይወት ከቈየ ቃሉ ይሻራል። 3 ወር ማለት ከአንድ ክረምት አይበልጥም። እንግዲህ ሕግ በሁለት ምስክር ፊት የተነገረውን የመጨረሻ ቃል እንኳ ከአንድ ክረምት አሳልፎ የማያምነው ከሆነ፥ ያለ ምስክር በስልክ የተነገረውን የናፍቆት ቃል ቤት ያወርሳል ብሎ መታመን እንዴት ይቻላል?

አንዳንድ ሰዎች «ኑዛዜ መጻፍ ሞትን መጥራት ነው» ብለው ይፈራሉ። ልጆችም ወላጆቻቸውን ይህን ለመጠየቅ ያፍራሉ፤ «ሞቴን ትመኛለህን?» እንዳይባሉ ይሠጋሉና። ይህ ፍርሃት ከመልካም ልብ የመጣ ቢሆንም የቃሉን ትርጓሜ መመልከት ይጠቅማል። ኑዛዜ የሚለው ቃል ሥሩ በግእዝ «ናዘዘ» የሚለው ነው፤ ትርጓሜውም አጽናና፥ አረጋጋ ማለት ነው። ስለዚህ ኑዛዜ ማለት ከሥሩ የሚቀሩትን ማጽናናት ነው። አንድ አባት ለልጆቹ ሊያጽናናቸው የሚገባውን ቃል ሳይተው ሄዶ፥ ልጆቹ ከለቅሶው ድንኳን ወጥተው በቀጥታ ወደ ችሎት ቢገቡ፥ ለእነርሱ ሐዘኑ ሁለት ይሆንባቸዋል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የምንናገረው በዚህ በክረምት ወራት ጊዜው ስለሚፈቅድ ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ተረኛ ችሎት ከሚያያቸው አስቸኳይ ጉዳዮች በቀር መደበኛውን ሥራ አቁመው ያርፋሉ። ያው ቀን የፍልሰታ ጾም የሚገባበት ነው። ተማሪዎች ከትምህርት ያርፋሉ፤ በውጭ አገር ከሚኖሩት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን መካከልም ለእንቍጣጣሽና ለመስቀል ወደ አገራቸው የሚመጡ አሉ። ዝናሙ ከቤት ስለሚያውል ሰው ከሰው ጋራ ለመቀመጥ ምቹ ነው። ስለዚህ በየቤቱ ሦስት ነገር ቢደረግ መልካም ነው እንላለን።

አንደኛ፤ ከሩቅ ያሉ ልጆች ለእናትና ለአባት በሚደውሉበት ጊዜ፥ በወር አንድ ቀን እንኳ ቢሆን፥ ሁሉም በአንድነት ይነጋገሩ። የዛሬው ስልክ አሜሪካ ያለውን፥ ዐረብ አገር ያለችውንና አዲስ አበባ ያለውን በአንድ ጊዜ ሊያገናኝ ይችላል። መሣሪያው ይህን የሚችል ሲሆን ለየብቻ መነጋገርን ያስለመድነው እኛው ነን። እናት «ቤቱ ያንተው ነው» ስትል ሌሎቹም ሰምተው «የእኛስ?» ብለው ቢሥቁ፥ ያ ሣቅ ብዙ የክስ ወረቀት ያስቀራል።

ሁለተኛ፤ በዓመት አንድ ጊዜ በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ይላላኩ። ረጅም መሆን የለበትም። የጽሕፈት መኪናና የኮምፒውተር ፊደል የሁሉም ሰው መልኩ አንድ ነው፤ የእጅ ጽሕፈት ግን እንደ ፊት መልክ ነው። አባቱ በእጁ የጻፈለትን አንድ ገጽ ያስቀመጠ ልጅ፥ አባቱ ካለፈ በኋላ ያን ወረቀት ገልጦ «ይህ የእርሱ ሀ ነው፥ ይህም የእርሱ ለ ነው» እያለ ይጽናናል። የስልክ መልእክት ግን ስልኩ በተሰበረ ወይም በተለወጠ ጊዜ አብሮ የሚጠፋ ብዙ ነው። ልጆችም ደብዳቤውን ለአያቶቻቸው ይጻፉ፤ እንዲህ ቢሆን ፊደሉን ከነሥርዓቱ ይማራሉ፥ «እርስዎ» ማለትንም ይለምዳሉ።

ሦስተኛ፤ ሀብት ያላቸው ወላጆች፥ ሀብቱ አንዲት ጠባብ ቤት ብትሆንም፥ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ቀን ፈቃዳቸውን ይናገሩ። ከዚያም ሕግ ዐዋቂ ጠይቀው ሕጉ በሚያዝዘው ሥርዓት ያስጽፉት። ሲናገሩም ለማን ምን እንደ ሰጡ ብቻ ሳይሆን ስለምን እንደ ሰጡ ቢናገሩ ይሻላል። በችሎት እንደምናየው፥ ልጆች የሚጣሉት ስለ ግድግዳና ስለ ቆርቆሮ ብቻ ሳይሆን «እናቴ ከማናችን አብልጣ ትወድ ነበር?» ስለሚለው ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሥልጣን ያለው ዳኛ የለም። ሊመልሱት የሚችሉት ወላጆች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም በሕይወት ሳሉ ብቻ ነው።

ዝናሙ ሲያባራ፥ አደይ አበባ በየመስኩ ሲፈነዳ፥ የፍርድ ቤቱም በር ተከፍቶ መዝገቦች ከየመደርደሪያው ሲወጡ፥ ከቤተ ሰብ ክርክሮች መካከል አንዱ እንኳ በክረምቱ በዕርቅ አልቆ «ተስማምተናል» የሚል ወረቀት ይዘው የሚመጡ ባለጉዳዮች ይኖሩ ዘንድ ምኞታችን ነው። እነዚያን ባለጉዳዮች ስንቀበል «እንደምን ከረማችሁ» ብለን እንጠይቃቸዋለን፤ እነርሱም «አብረን ከረምን» ብለው ይመልሱልናል።

አምላከ አበው ይህን ክረምት በሰላም አሳልፎ ለዘመን መለወጫና ለብርሃነ መስቀሉ ሁላችንንም በጤና ያድርሰን።